የፈረንሳይ ገበሬ ጠላ በሐረር ምሽት

(ለሐረር ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ዛሬ ስለ ጠላና ስለ ቢራ ልናገር ቆሜያለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ሁለቱም በአፋችሁ ዞረው የማያውቁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሐረር የአው አባድር ከተማ ናት፤ ልማዷንና እምነቷን አክብሬ ነው የመጣሁት። ማንንም ጠጡ አልልም። የምናገረው ስለ እህል፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጭስና ስለ እናቶች እጅ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ጠላ የሚጠመቅበትም የማይጠመቅበትም ቤት ያውቃቸዋል። በወይራ በታጠነ ዕቃ የተናጠ ወተት የቀመሰ ሰው የምለውን ግማሹን ከወዲሁ ተረድቶታል።

ሐሳቤ አንድ ነው፦ ጣዕሙ ያልተነገረለትና ያልተጻፈለት ሙያ ከባለሙያዋ ጋር አብሮ ይቀበራል። ይህን የተረዳሁት ከውጭ በመጣ አንድ ጠርሙስ ምክንያት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

በሰሜን ፈረንሳይ የሚኖር የእህቴ ልጅ ለገና በዓል ወደ ሐረር መጣ። ሻንጣውን ሲፈታ በሹራብ የተጠቀለለ ወፍራም ጠርሙስ አወጣ፤ እንደ ሻምፓኝ አፉ በቡሽ የተወተፈና በሽቦ የታሰረ ነው። ዣንላን ይባላል። 75 ሳንቲ ሊትር ይይዛል፤ የአልኮል መጠኑ 7.5 በመቶ ነው። በአገሩ «ቢዬር ደ ጋርድ» ከሚባለው ወገን ነው፤ ትርጉሙ ተጠምቆ የሚቀመጥ፣ የሚጠበቅ ቢራ ማለት ነው። ድሮ ገበሬው በእርሻ ቤቱ ይጠምቀው የነበረ መጠጥ ስለሆነ፣ በእኛ ቋንቋ የፈረንሳይ ገበሬ ጠላ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም።

ጠርሙሱን ለአራት ተካፈልነው፤ ለአንድ ሰው ይበዛል። አራተኛዋ ከሸዋ በር ውጪ የሚኖሩት አክስቴ ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠላ ጠምቀዋል። የእህቴ ልጅ ጠርሙሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊከተው ሲል አክስቴ «አንተ ልጅ፣ ተወው! የደነዘዘ ነገር ምኑ ይቀመሳል?» ብለው ከለከሉት። ልክ ነበሩ። ይህ ዓይነት ቢራ እንደ ተራው ቢራ በረዶ ሆኖ አይጠጣም፤ ለዘብ ያለ ቅዝቃዜ ይበቃዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የጥር ምሽቷ የሚያስፈልገውን ያህል አቀዝቅዞልን ነበር።

መጀመሪያ እኔ የቀመስኩትን ልንገራችሁ። ቡሹ ሲነቀል ረጋ ያለ ድምፅ ሰጠ። መጠጡ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ መልኩ ወተት እንዳልገባበት ቀጭን ሻይ ሆነ፤ ወደ መብራት ሲያዩት መዳብ መዳብ ይላል። አረፋው ነጭ አይደለም፤ የተልባ ውሃ የመሰለ ክሬም ቀለም አለው፤ ቶሎም አይጠፋም። ሽታው ከምጣድ የወረደ ትኩስ የዳቦ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ የተቃጠለ ስኳር ይከተላል፤ ብርጭቆው እጅ ውስጥ ሞቅ ሲል ደግሞ ዘቢብ የመሰለ የደረቀ ፍሬ ሽታ ብቅ አለ። አፍ ላይ ሲገባ ይጣፍጣል፤ ጣፋጩ ግን ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ ሲዋጥ ደረቅ ብሎ ያልቃል። ምሬቱ ጥቂት ነው። ኮምጣጣነት የለውም። ከተዋጠ በኋላ ደረት ላይ የምትቀር ትንሽ ሙቀት አለች፤ እሷ የአልኮሉ ናት።

አክስቴ ግን አቀማመሳቸው ሌላ ነው። አስቀድመው አሸተቱት፤ ብርጭቆውን አዘንብለው ወደ ብርሃን አዩት፤ አንዲት ጉንጭ ወስደው ሳይውጡ ቆዩ። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «አሻሮው ጥሩ ነው። አልተቃጠለም፤ ጥሬም አይደለም። ጌሾው ግን ዓይን አፋር ነው። ጭስም የለውም፤ ጋኑን ሳያጥኑ ነው የጠመቁት።» ትንሽ ዝም ብለው ጨመሩ፦ «ይሄ ያረፈ ነገር ነው። ተጠምቆ፣ ተከድኖ፣ ያረፈ።»

የእህቴ ልጅ ደነገጠ፤ ቢዬር ደ ጋርድ ማለት በትክክል ያ ነውና። አክስቴ በጠርሙሱ ላይ ያለውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አያነቡም። የቢራውን ስም በምላሳቸው አነበቡት።

እስኪ ይህ መጠጥ ከየት እንደመጣ እንይ። የሰሜን ፈረንሳይ ጫፍ፣ ከሊል ከተማ ዙሪያ እስከ ቤልጂግ ድንበር፣ የወይን አገር አይደለም። ገብስ የሚዘራበት፣ ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕስ የሚባለው ሐረግ የሚበቅልበት ሜዳ ነው። ገበሬው ለቤቱና ለሠራተኛው የሚሆነውን ራሱ ይጠምቅ ነበር። ችግሩ በጋው ነበር፤ ሙቀት ሲመጣ ጥንስሱ ይበላሻል፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ በክረምትና በጸደይ መግቢያ ይጠምቅና ቀዝቃዛ ምድር ቤት አስቀምጦ ያሳርፈዋል፤ የእርሻው ሥራ ሲበረታ ያወጣዋል። ከድንበሩ ማዶ፣ በቤልጂጉ ኤኖ ግዛት፣ የዚህ ቢራ ዘመድ «ሴዞን» ይባላል፤ «ወቅት» ማለት ነው። በበጋ ለእርሻ የሚቀጠሩ ሠራተኞች ጥማቸውን የሚቆርጡበት ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ያ አካባቢ የጦር ሜዳ ሆነ። የያዘው ሠራዊት የጠማቂዎቹን የመዳብ ጋኖች ሳይቀር ነቅሎ ለጦር መሣሪያ ወሰደ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ተመልሰው አልቆሙም። ከዚያ በኋላ ከተነሡት አንዱ ፌሊክስ ዱዊክ ነው፤ ዣንላን በምትባል መንደር በ1922 መጥመቅ ጀመረ። የሚገርመው፣ በዚያው በ1922 በእኛ አገር በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተመሠረተ። የዱዊክ ቤተሰብ በኋላ ቢራውን በሻምፓኝ ጠርሙስ አሸገ፤ የሊል ተማሪዎች ወደዱት፤ ሊጠፋ የነበረው የገበሬ ቢራ ስም ይዞ ተነሣ። መንደሪቱም ስሟ በቢራው በኩል ሐረር ድረስ ደረሰ።

ለሐረር ሰው ይህ አገር ባዕድ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የተወለደው በ1854 ከዚያ በስተ ምሥራቅ፣ በዚያው በቤልጂግ ድንበር አጠገብ በሻርልቪል ነው። በ1870 ገና ልጅ ሳለ በእግሩ ተጉዞ የሴዞን አገር በሆነው ኤኖ ውስጥ ወዳለችው ሻርልሯ ገባ፤ እዚያ ስላረፈበት መሸታ ቤት፣ ስለ ቅቤና ዳቦው፣ ስለ ትልቁ የቢራ ብርጭቆም «ኦ ካባሬ ቬር» የሚል ግጥም ጻፈ። «ዩን ሴዞን አን አንፌር» የተባለውን ታዋቂ ሥራውንም በ1873 የጻፈው ሮሽ በምትባል መንደር፣ በእናቱ እርሻ ቤት ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1880፣ የቡና ነጋዴ ሆኖ በጀጎል በር ገባ። እኛ ባለቅኔውን እናስታውሳለን፤ የዚያ የገበሬ ቢራ አገር ጎረቤት መሆኑን ግን አናስበውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አክስቴ ያን ምሽት የፈረንሳዩን ቀምሰው ዝም አላሉም። ተነሥተው ከጓዳቸው የራሳቸውን ጠላ በጣሳ ቀድተው አመጡና «በሉ ይሄንንም እንደዚያ አድርጋችሁ ቅመሱት» አሉን።

ቀመስነው። መልኩ ጠቆር ያለና የደፈረሰ ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም። ሽታው ከሩቅ ይጠራል፤ መጀመሪያ የወይራ ጭስ፣ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ፣ ከዚያ የእርሾ። ጉንጭ ላይ ቀለል ያለ ነው፤ እንደ ፈረንሳዩ አይከብድም። ቆምጠጥ ይላል፤ ኮምጣጣው ምራቅ ያመጣል፤ ምራቁ ደግሞ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። ከኋላ ጌሾው ይመጣል፤ መረር ብሎ፣ ጎምዘዝ ብሎ፣ ምላስን አድርቆ ይዘጋዋል። ፈረንሳዩ ሲጠጡት የሚያስቀምጥ፣ ሲያወሩ የሚያመሽ ነው። ጠላው የሠራ ሰው ጥም መቁረጫ ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። የሁለቱም ሥራ የተለያየ ነው።

እንዲህ የሚቀመሰው ነገር እንዴት እንደሚመጣ ብዙ ወጣቶች አታውቁም፤ ስለዚህ በዝርዝር ልናገር። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ እንጨት ይታጠናል። ጭሱ ሁለት ሥራ አለው፤ ዕቃውን ያጸዳል፤ ለጠላው ሽታ ይሰጣል። ጌሾው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ቀን ቆጥሮ የብቅል ዱቄትና ተጋግሮ የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። አብሮ ያደገው የአሲድ ባክቴሪያ ያን ደስ የሚል ቆምጣጣነት ያመጣል። እርሾውን ከመደብር የሚገዛ የለም፤ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ ነው የሚነሣው። በመጨረሻ እንኩሮውና አሻሮው (በምጣድ የታመሰው ዱቄትና የተቆላው እህል) ተጨምሮ ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል፤ የጋኑ አፍ ተመርጎ ይታሸጋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጠላ ከቀጠነ በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ይኮመጥጣል። ድፍድፉ ግን ታሽጎ ይቆያል። እናቶቻችን እንግዳ ሊመጣ ወይም ማኅበር ሊደርስ ሲል ውሃ ይጨምሩበትና ለመጠጥ ያደርሱታል። የፈረንሳዩ ገበሬ የሙቀትን ችግር የፈታው ያለቀለትን ቢራ ቀዝቃዛ ምድር ቤት በማስቀመጥ ነው። የእኛ እናቶች የፈቱት ያላለቀውን በማሸግ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። የኛዎቹ መልስ ምድር ቤትም በረዶም አይፈልግም። ይህን ብልሃት አንድም ሰው «ግኝት» ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን እንዲያ ብዬ እጠራዋለሁ።

መመሳሰሉ በዚህ አያበቃም። ሴዞን ለእርሻ ሠራተኛ እንደሆነ ሁሉ ጠላም የደቦ መጠጥ ነው፤ ጎረቤት ተጠርቶ ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ሲወቃ ጠላ ይቀርብለታል። መጀመሪያ የሚቀዳው ጉሽ ወፍራምና ብርቱ ነው። ዋናው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ጨምረው የሚያወጡት ቅራሪ ቀጭን ነው፤ ለልጅም ለእረኛም ይሰጣል። የአውሮፓ ገበሬም ከአንድ እህል ሁለት ጊዜ ይጨምቅ ነበር፤ ሁለተኛው ቀጭኑ የቤተሰብ መጠጥ ነበር። የቀረው አተላ በእነሱም በእኛም ለከብት ይሰጣል። የሚባክን ነገር የለም።

ልዩነቱም ይታወቅ። ሆፕስ ሐረግ ነው፤ ጌሾ ግን ቁጥቋጦ ነው። ሁለቱም ምሬት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም መጠጡን ከመበላሸት ያግዛሉ። እህሉም በየአገሩ ይለያያል። በጎንደርና በጎጃም ገብስና ዳጉሳ ይጠመቃል፤ በእኛ በሐረርጌ ቆላው የማሽላ አገር ነው፤ የጋራ ሙለታ ደጋ ደግሞ ገብስ ያበቅላል። የአክስቴ ጠላ ከሁለቱም የተቀላቀለ ነበር። ገብሱ የዳቦ ሽታ ሰጠው፤ ማሽላው ቀለል አደረገው። የኦሮሞ እናቶች በፊናቸው ፈርሶ ይጠምቃሉ፤ የእሱም ጣዕም የራሱ ንግግር ይገባዋል።

ስለ ፋብሪካ ቢራም ጥቂት ልበል። ሉዊ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ያሳተመው መጽሐፍ መጠጡን የሚያበላሹትን ጥቃቅን ነፍሳት ለጠማቂዎች አሳወቀ። በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ሐንሰን አንድ ዓይነት የእርሾ ዘር ብቻ ለይቶ ማሳደግ ቻለ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የሰፋው በቅዝቃዜ የሚብላላው፣ ጥርት ያለው ላገር ቢራ ነው። የሐረር ቢራ ፋብሪካ በ1984 ሲቋቋም ወደ ከተማችን የመጣውም ይኸው ጥበብ ነው። በ2011 ሄኒከን የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ቅዱስ ጊዮርጊስን አስቀድሞ በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ይዞት ነበር። ፈረንሳይ ወደ ኢትዮጵያ ብርጭቆ የገባችው በፋብሪካዋ በኩል ነው፤ የገበሬዋ ቢራ የመጣልን በእህቴ ልጅ ሻንጣ ነው።

ፋብሪካውን ልወቅስ አልፈልግም። ለብዙ ሰው እንጀራ ሰጥቷል፤ የሐረርን ስም በየአገሩ አድርሷል፤ ለማይጠጣውም ወገን ሶፊ የሚባል አልኮል የሌለበት የብቅል መጠጥ አቅርቧል። በተራራችን ስም የተጠራው ሐኪም ስታውት ጥቁርና ጥብስ ጥብስ የሚል ነው፤ ያን ምሽት ሦስተኛ አድርገን ብንቀምሰው አክስቴ «ይሄኛው አሻሮ ይገባዋል» ብለው አመሰገኑት። የፋብሪካ ጥንካሬው ዛሬ የጠጡት ነገም አንድ መሆኑ ነው። የጋን ጠላ ግን ከቤት ቤት ይለያል፤ ከእጅ እጅ ይለያል። ያ ልዩነት እንደ ጉድለት ሲቆጠር ኖሯል። ሀብት ግን እሱ ነው።

ሐረር የጣዕምን ዋጋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከተማችን በቡናዋ ነው ዓለም ያወቃት። በፀሐይ ከነገለባው የሚደርቀው የሐረር ቡና የፍራፍሬ ጣዕሙና ሞካው በባለሙያ ቀማሾች ተጽፎ፣ ተመዝግቦ፣ በስሙ ይሸጣል። ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ክርክሩ ጠነከረ፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ያ ሁሉ የሆነው ስሙ ዋጋ ስላለው ነው። ስሙ ዋጋ ያገኘው ደግሞ ጣዕሙ ስለተነገረለት ነው። የቡናችንን ጣዕም ለመናገር ቃል አላጠረንም። ለጠላችንም አያጥረንም። አሻሮው የበሰለ፣ ጌሾው የበረታ፣ ጭሱ የለዘበ፣ ጉሽ፣ ያረፈ፣ ቆምጠጥ ያለ፣ ጎምዛዛ፤ እነዚህን ቃላት አክስቴ ከማንም መጽሐፍ አልተማሯቸውም። የጎደለው የሚጽፋቸው ሰው ነው።

የሰሜን ፈረንሳይ ሰዎች ጋናቸውን በጦርነት ተነጥቀው ቢራቸውን ያዳኑት፣ ስም ሰጥተው፣ ጣዕሙን ተናግረው፣ ጽፈው ነው። ከእኛ ጋኑን የነጠቀ የለም፤ ቀስ በቀስ እየተውነው ያለነው ራሳችን ነን። ድግስ ሲመጣ ሳጥን ቢራ ማውረድ ይቀላል፤ ጋን ማጠን ይከብዳል። አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ ድፍድፍ ስንት ቀን እንደሚታሸግ የምንጠይቀው ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ደብተር ውሰዱና ከእናታችሁ፣ ከአክስታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። አምስት ነገር ጠይቁ፦ እህሉ ምንድነው፤ ከየትስ ነው የመጣው? ጌሾው ቅጠሉ ነው ወይስ እንጨቱ፤ ስንት ቀንስ ይቆያል? ጋኑ በምን ታጥቦ በምን ይታጠናል? ድፍድፉ መቼ ይታሸጋል፣ መቼስ ይቀጥናል? ጥሩ ጠላ ሲቀመስ ምን ምን ይላል? ያሏችሁን በራሳቸው ቃል ጻፉ፤ አታሳምሩት። ጠላ በማይጠመቅበት ቤትም እንዲሁ አድርጉ፤ ስለ ሆጃው፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ወተት ዕቃው ጭስ ጠይቁ። የዚህ ከተማ ሙያ ሁሉ የተቀመጠው በእናቶች ምላስ ላይ ነው።

አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የእኔ ደብተር አሥራ አንድ ገጽ ደርሷል፤ ገና ጥንስሱ ላይ ነን።